ለአንድ በር ሦስት ዋጋ፦ የተጋጨ መኪና ቀለም እንዴት ይመዘናል?

የኋላ በሯ የተመታ አንዲት ብርማ ቪትዝ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ጋራዥ ብትዞር ሦስት ዋጋ ይዛ ትመለሳለች። አንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። አብዛኛው ባለመኪና መሀለኛውን ይመርጣል። ርካሹ ያስጠረጥራል፣ ውዱ ደግሞ ኪስ ታይቶ የተጠራ ይመስላል። ነገር ግን ሦስቱ ጋራዦች ዋጋ የሰጡት ለአንድ ሥራ አይደለም።

የመጀመሪያው "ቀለም" ሲል ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ አሽቶ፣ ከላይ መርጨት ማለቱ ነው። ሁለተኛው ላሜራውን በተቻለ መጠን ወደ ቦታው መልሶ፣ ስስ ስቱኮ ሰጥቶ፣ ከቀለሙ ሥር የሚገባውን ፕራይመር ቀብቶ በሩን ብቻ ሊጨርስ ነው። ሦስተኛው እጀታውንና ጎሚኒውን ፈትቶ፣ ቀለሙን ወደ ፊተኛው በርና ወደ ኋለኛው ፓራፋንጎ እያሳሳ ሊያዋህድ፣ በመጨረሻም ሦስቱንም አካል ክሊር የሚባለውን ግልጽ የላይ ሽፋን ሊያለብስ አስቧል። ሥራው ባለቀ ቀን ሦስቱም ከአምስት ሜትር ርቀት ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ብቅ የሚለው ክረምት ገብቶ ሲወጣ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደር በፊት የሥራ ዝርዝር ማወዳደር ይቀድማል። በቀለም ሥራ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚከፈለው ለማይታየው ነው፤ ከቀለሙ ሥር ለገባው ሰዓት። ማብረቅረቅ ለማንም አያቅትም፣ ክሊርና ፖሊሽ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ነገር፣ ቀለም ያስፈልጋል ወይ?

ብዙ ጭረት ቀለም አይፈልግም። ቦታውን አጥቡና ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም ሳቡት። ጥፍሩ ካልያዘ ጉዳቱ ከላይኛው ግልጽ ሽፋን አላለፈም ማለት ነው። ሌላው መፈተሻ ውኃ ነው፦ ሲረጥብ ጠፍቶ ሲደርቅ የሚመለስ ጭረት ባብዛኛው በፖሊሽ ይለቃል። ታክሲ ታኮ ሲያልፍ የሚቀረው አስደንጋጭ ነጭ መስመርም ሁልጊዜ የራሳችሁ መኪና መላጥ አይደለም። ብዙ ጊዜ የታክሲው ቀለም እናንተ ላይ ተለጥፎ ነው፤ ይህም ታሽቶ ይነሳል። ጥፍር ይዞ ከሥሩ ግራጫ ከታየ ግን ፕራይመር ጋ ደርሷል። ላሜራው ራሱ ከተራቆተ፣ በተለይ ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ ነገ ዛሬ ማለት ዝገት መጥራት ነው።

ቀለሙ ሳይሰነጠቅ ላሜራው ብቻ የጎደጎደም አለ። ይህንን ከውስጥ በኩል በልዩ ዘንግ ቀስ እያለ ገፍቶ የሚያወጣ ባለሙያ ከተገኘ ስቱኮም ቀለምም አያስፈልግም። የፋብሪካውን ቀለም የሚያተርፍ ሥራ ሁሉ ከሚያስነሳው ይሻላል። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ፋብሪካ የሚሠራው፣ ጋራዥ የማይችለው

"ጋሼ አይጨነቁ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርገን ነው የምናስረክብዎት" ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ መልኩ ሊመስል ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ባዶው ቦዲ ገና ሽቦም ፕላስቲክም ሳይገባበት ሙሉ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ይነከርና በኤሌክትሪክ ኃይል ፀረ ዝገት ሽፋን ይይዛል። በላዩ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ በመጨረሻ ክሊር ይከተላል። ሽፋኖቹ ከ140 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራሉ። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከዚህ ውስጥ መልኩን የሚሰጠው ቀለም ድርሻ 15 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው።

ጋራዥ የገባ መኪና ዳሽቦርድ አለው፣ መብራት አለው፣ ሽቦ አለው። 140 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ ይቀልጣል። ስለዚህ ጋራዥ የሚጠቀመው ከሃርድነር ጋር ተደባልቆ በኬሚካል የሚጠነክር ቀለም ነው፤ ኦቨን ካለው 60 ዲግሪ አካባቢ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያሞቀዋል። በደንብ ከተሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። ያ በገንዳ የተነከረው ፀረ ዝገት ሽፋን ግን አንዴ ታሽቶ ከተነሳ እንደነበረ አይመለስም። ጎበዝ ባትላሜራ ሠራተኛ ከተጎዳው ቦታ አልፎ አንድ ጣት ያህል እንኳ ያለ ምክንያት ወደ ላሜራው የማይወርደው ለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ኦቨን ውስጥ ስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ? ትልቁ ባትሪ ሙቀት አይወድም። አምራቾችም ለቀለም ማድረቂያ የሙቀትና የሰዓት ገደብ ያስቀምጣሉ። በነዳጅ መኪና ላይ የለመደ ጋራዥ ይህንን ላያስበው ይችላል።

ስቱኮው፣ ውኃውና ክረምቱ

የቀለም ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ቀቢው ገና መርጫውን ሳያነሳ።

ስቱኮ በራሱ ኃጢአት የለበትም። የተሻለው ጋራዥም ይጠቀምበታል። ጥያቄው ውፍረቱ ነው። ላሜራው በደንብ ተመልሶ የቀረውን ትንሽ ሞገድ ለማስተካከል ከሦስት ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ከተሰጠ ይቆያል። ላሜራ ለመመለስ ሰዓት ያልከፈለ ሥራ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ስቱኮ ይጭናል። ላሜራ በቀን ፀሐይ ይለጠጣል፣ በሌሊት ብርድ ይሰበሰባል። ወፍራም ስቱኮ እኩል አብሮት አይሄድም፤ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ ከዚያ ቀለሙ እንደ ቁስል ያብጣል።

ሌላው ጠላት ውኃ ነው። የመኪና ስቱኮ ፖሊስተር ነው፤ ውኃ ይመጥጣል። ብዙ ቦታ ግን ስቱኮው በባልዲ ውኃ እየተነከረ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ አቧራ ስለማያስነሳና ወረቀቱ ስለማይደፈን ነው። እርጥበቱ ሳይወጣ ፕራይመር ከተደረበበት ከሥር ታፍኖ ይቀራል። በሐምሌ፣ ውጪ ሸራ ሥር በሚሠራ ቦታ፣ በማግሥቱ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። ስቱኮ በደረቁ ይታሻል፤ ውኃ ለፕራይመርና ለክሊር ነው የሚሆነው። ጋራዡ ይህንን ደንብ መያዙን ለማወቅ ፎርማን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሌላ መኪና ላይ ሲሠሩ አምስት ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበቃል።

እግረ መንገዳችሁን የሚከተለውንም እዩ። ጥንቁቅ ሠራተኛ ፕራይመሩ ላይ ስስ ጥቁር ቀለም ብናኝ ይረጭና ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠምጥሞ ያሻል። ከፍ ያለው ቦታ ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ላይ ጥቁሩ ይቀራል። ያ ጥቁር ነጠብጣብ እስኪጠፋ ይሞላል፣ እንደገና ያሻል። ወረቀቱን በጣቱ ብቻ ይዞ የሚያሽ ሰው ግን የጣቱን ቦይ በሩ ላይ እየቆፈረ ነው፤ ቦዩ የሚታየው ክሊር ከተቀባና ፀሐይ ካገኘው በኋላ ነው። የወረቀቱ ቁጥርም ደረጃ አለው፦ ስቱኮ በ80 ተጀምሮ ወደ 180 ያልፋል፣ ከዚያ 320፣ ቀለም ከመረጨቱ በፊት 500 ወይም 600። ከ80 ወደ 600 የዘለለ ሰው ጭረቱን ቀብሮታል እንጂ አላጠፋውም፤ ቀለሙ ሲረጋ ከሥር ይወጣል።

አዲስ በር ወይም ፓራፋንጎ ከተገዛም ነገሩ አያልቅም። ከውጭ የሚመጡ አካላት ጥቁር ተቀብተው ይመጣሉ። ጥቁሩ ፕራይመር ሊሆን ይችላል፤ ለጉዞ ብቻ የተቀባ ሽፋንም ሊሆን ይችላል። ቲነር የነካ ጨርቅ ሲያሹት የሚለቅ ከሆነ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት፤ በላዩ የተቀባ ነገር ሁሉ አንድ ቀን አብሮት ይላጣል። ሶማሌ ተራ ሄዶ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ያገለገለ በር መግዛትም አለ፤ ከጥገናው የሚረክስበት ጊዜ አለ። ሆኖም ሁለት ብርማ መኪናዎች አሥር ዓመት የተለያየ ፀሐይ ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ብርማ ሆነው አይቆዩም። ያለ ደረሰኝ የተገዛ አካል ደግሞ ምንጩ ከየት እንደሆነ ስለማይታወቅ ጣጣ አለው።

ቀለሙ ለምን አይገጥምም?

ቶዮታ ላይ የቀለም ኮዱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ ወይም ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሳህን ላይ ተጽፏል። 040 ነጭ ነው፣ 202 ጥቁር፣ 1ኤፍ7 ብርማ። ኮዱ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። አንድ ኮድ በተለያየ ፋብሪካና ዓመት ትንሽ ይለያያል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ መኪናው ስንት ዓመት ውጪ አድሯል የሚለው አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይልቅ ቀለም ያደበዝዛል። ስለዚህ ቀለም ቀማሚው የሚያመሳስለው ከኮዱ ሳይሆን በፖሊሽ ከጸዳው የመኪናው አካል ጋር መሆን አለበት። አቧራና ድብዘዛ ከለበሰው ጋር ካመሳሰለው፣ በመጀመሪያው ፖሊሽ ማግሥት ሁለት መልክ ይወጣል።

ደማቅ ነጭና ጥቁር ቀለል ይላሉ። ብርማና ግራጫ ግን ሌላ ዓለም ነው። ውስጣቸው እንደ ጥቃቅን መስታወት ሆኖ ብርሃን የሚመልስ የአሉሚኒየም ቅንጣት አለ፤ ቅንጣቱ እንዴት እንደሚተኛ የሚወስነው ደግሞ የቀቢው እጅ ነው። የአየር ግፊቱ ሲጨምር፣ መርጫው ሲርቅ ወይም ቀለሙ ደረቅ ብሎ ሲያርፍ ብርማው ይነጣል። ረጠብ ብሎ ካረፈ ቅንጣቱ ወደ ታች ይሰምጥና ይጠቁራል። አንዱ ቆርቆሮ ቀለም፣ አንዱ ቀን፣ ሁለት ቀቢ፦ ሁለት ብርማ። ከፊት ሲታይ የገጠመው ከጎን ሲታይ ይለያል።

መፍትሔው ቀለሙን በሩ ጠርዝ ላይ ድርቅ አድርጎ አለማቆም ነው። ወደ አጎራባቹ አካል እያሳሱ ያስገቡታል፤ ዓይን ድንበሩን አያገኘውም። ከዚያ ክሊሩ አካሉን በሙሉ ያለብሰዋል። "የተመታው አንድ በር ነው፣ ለምን ፓራፋንጎውንም ታስከፍሉኛላችሁ?" ለሚለው ቅሬታ መልሱ ይኸው ነው። በብርማ መኪና ላይ ይህ ጭማሪ ብልጠት አይደለም። በተራ ነጭ መኪና ላይ ግን ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ እዚያ ብትከራከሩ ትክክል ናችሁ። ፐርል የሚባለው ነጭ ከሁሉም ይብሳል፦ ከሥር ነጭ፣ መሀል ላይ የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን፣ ከላይ ክሊር። መሀለኛው አንድ ዙር ከበዛ ወይም ካነሰ መልኩ ይሸሻል። የፐርል ሥራ ከተራ ነጭ በጣም መወደዱ ተገቢ ነው።

ባምፐር ፕላስቲክ ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። ቀለም ፕላስቲክ ላይ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባ ማጣበቂያ ሽፋን አለ፤ ያ ከተዘለለ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ውኃ ብቻ በቅርፊት በቅርፊቱ ያነሳዋል። ባምፐርና ፓራፋንጎ ከፋብሪካም ሲወጡ ትንሽ የመልክ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል፣ እዚያ ላይ ጋራዡን ብዙ አታስጨንቁ።

ዋጋው ውስጥ ምን አለ?

ጥሩ ክሊር፣ ሃርድነርና ቀለም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ዋጋቸው ከዶላር ጋር ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሦስት ወር ፕሮፎርማ ይዞ መሟገት ዋጋ የለውም። ዕቃው ግን ከሒሳቡ ግማሽ ታሪክ ነው። ለአንድ በር የሚሄደው ቀለም ከሊትር በታች ነው፤ ለአንድ በር የሚሄደው የሰው ሰዓት ግን ሊያሳንሱትም ሊያበዙትም የሚችሉት ነው። ርካሽ ዋጋ የሚገኘው ከዚያ ተቀንሶ ነው፦ ሳይፈታ በወረቀትና በፕላስተር ተሸፍኖ የተቀባ እጀታ፣ የተዘለለ ፕራይመር፣ ያልተጠበቀ መድረቂያ።

ከዕቃውም የሚቀነስ አለ። ያለ ሃርድነር በቲነር ብቻ የሚረጭ ቀለም ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ግን አይጠነክርም። መለየቱ ቀላል ነው፦ ከታች በማይታይ ቦታ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ ያዝ አድርጎ ማሸት። ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከመጣ ሃርድነር አልገባበትም። በነገራችን ላይ የሃርድነሩ ጭስ አስም የሚያስይዝ ኬሚካል አለው። ቀቢው አፍንጫው ላይ ፎጣ ብቻ ጠምጥሞ የሚረጭበት ጋራዥ ለራሱ ሰው ያልተጠነቀቀውን ለእናንተ በር ይጠነቀቃል ብዬ አላምንም።

ፕሮፎርማ ስትቀበሉ በጽሑፍ ይስፈር፦ ላሜራው ይመለሳል ወይስ በሩ ይቀየራል፣ ምን ምን ይፈታል፣ ቀለሙ የትኛው ስሪት ነው፣ ስንት አካል ላይ ይዋሃዳል፣ ስንት እጅ ክሊር ይቀባል፣ በኦቨን ነው ወይስ በአየር፣ 15 በመቶ ተ.እ.ታ. ተደምሯል ወይስ በኋላ ይመጣል፣ ዋስትናው ለስንት ወር ነው። ይህንን ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ ጋራዥ ዋጋውን ቢቀንስም አልቀነሰም። የመኪናውን መልክ ወደ ሌላ ቀለም ለመቀየር ካሰባችሁ ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም አብሮ መቀየር እንዳለበት አትርሱ፤ አለበለዚያ ቦሎ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።

መቼ ነው ማየት ያለባችሁ?

አብዛኛው ሰው መኪናውን የሚያየው ሲያልቅ ነው። የሚጠቅመው ጉብኝት ግን የመሀሉ ነው፤ ፕራይመር ተቀብቶ፣ ታሽቶ፣ ቀለም ሳይረጭ። ያኔ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መዳፋችሁን ከጤነኛው ቦታ ወደ ተሠራው ጎትቱት። ዓይን ግራጫ ላይ ሞገድ አያይም፤ መዳፍ ግን ያገኘዋል። የስቱኮው ጠርዝ እንደ ደረጃ ከተሰማ ይመለስ ማለት አሁን ነው። በዚህ ሰዓት ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከክሊር በኋላ ግን ሁሉም እንደገና ነው።

ሲያልቅ የሚታየው ሌላ ነው። በሩን በጎን አጎንብሳችሁ እዩና የሕንፃው መስመር ወይም የአጥሩ ጥላ ሳይጣመም ያልፍ እንደሆነ ተከታተሉ። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ፣ የወረደ ቀለም፣ የታሰረ አቧራ በአብዛኛው በ1500ና በ2000 ወረቀት ታሽቶ በፖሊሽ ይስተካከላል፤ ይህን ለማድረግ ግን ክሊሩ በቂ ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ካያችሁ ከመቀባቱ በፊት ዘይት ወይም የጎማ ማብረቂያ አልጸዳም ማለት ነው፤ ያ በፖሊሽ አይሄድም። ጎሚኒውን ገልጣችሁ የፕላስተር መስመር ቀርቶ እንደሆነ፣ ፍሬቻውና መስታወቱ ላይ የቀለም ብናኝ እንዳለ፣ የበሩ ማጠፊያ ብሎን ላይ ቀለም እንደተረጨ ተመልከቱ። ክሊር ጎሚኒ ጠርዝ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ። 120 ማይክሮን አካባቢ የፋብሪካ ነው፣ 250 ወይም 300 በላዩ እንደተቀባ ይናገራል፣ 1,000 ያለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ፕላስቲክ ላይ ተራው መለኪያ አይሠራም። "ቀለም ያልተነካ" ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ መኪና ስትገዙም ይኸው መሣሪያ ጣሪያውን ከበሮቹ ጋር ያወዳድርላችኋል፤ ጣሪያ ብዙ ጊዜ ስለማይመታ ጥሩ መነሻ ነው።

ወጪውን ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ከሆነ

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን እናንተ ሌላው ላይ ያደረሳችሁትን እንጂ የራሳችሁን በር አይቀባም፤ ለዚያ ሙሉ ሽፋን መግባት ያስፈልጋል። ኩባንያው ባለሙያ ልኮ ጉዳቱን ካስገመተ በኋላ ብዙ ጊዜ ጋራዦችን ያወዳድራል፤ ዝቅተኛው ዋጋ የማሸነፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ክርክራችሁ መሆን ያለበት ከውድድሩ በፊት ነው። በባለሙያው የሥራ ዝርዝር ላይ "የኋላ በር ቀለም" ብቻ ከተጻፈ፣ ያሸነፈው ጋራዥ ወደ ፓራፋንጎው የሚያዋህድበት ምክንያት የለውም፤ አልተከፈለውም። "ከአጎራባች አካላት ጋር ይዋሃዳል" የምትለዋን ሐረግ እዚያው ዝርዝሩ ላይ አስገቡ።

ስትረከቡ "ሥራው ተጠናቆ ተረክቤያለሁ" የሚል ወረቀት ይቀርብላችኋል። ጋራዥ መኪና ማስረከብ የሚወደው አመሻሽ ላይ፣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ነው፤ እዚያ ብርሃን ላይ የማይገጥም ብርማ የለም። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እመጣለሁ በሉ፣ መኪናው ወደ ግቢው ይውጣ፣ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ከዚያ ጥላ ውስጥ ዙሩት፣ ከዚያ ፈርሙ። ለመጀመሪያው ሳምንት በሳሙናና በግፊት ውኃ አይታጠብ፤ ሰምም ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ፤ ክሊሩ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከውስጥ ገና ቲነር እያወጣ ነው።